ዓሣ በዓሣ እስከ መቼ ይቀለባል?

ዓሣን በኩሬ ማርባት የባሕርን ዓሣ ከመመናመን ያድናል ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይሁን እንጂ የሚረባው ዓሣ ራሱ ምን በልቶ እንደሚያድግ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው። ሥጋ በል ለሆኑት ዓሦች ዋናው ቀለብ ለብዙ ዘመን ሌላ ዓሣ ነበር። ከባሕር የወጣው ትንንሽ ዓሣ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆና ደርቆ ይፈጫል፤ አንድ ኪሎ ዱቄት ለማግኘትም ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ዓሣ ይፈጃል።

የዚህ ዱቄት ዋነኛ ምንጭ ፔሩ ናት። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ከባሕሯ ከ12 ሚልዮን ቶን በላይ አንቾቬታ የተባለ ዓሣ ተጠምዶ ነበር። ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ማጥመድና ኤል ኒኞ የተባለው የባሕር መሞቅ ተባብረው፣ በ1973 የተያዘው ወደ 2 ሚልዮን ቶን ገደማ ወረደ። የአንድ ባሕር ሀብት የማያልቅ መስሎ ለታያቸው ሁሉ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ሆነ።

ስለዚህ ሊቃውንቱ ፊታቸውን ወደ እህል መለሱ። በኖርዌይ የሳልሞን መኖ ውስጥ በ1990 ከመቶ 90 እጅ ያህሉ ከባሕር የተገኘ ሲሆን፣ በ2013 ከመቶ 30 እጅ ያህል ብቻ ሆነ። ቦታውን የያዙት በተለይ አኩሪ አተርና የአትክልት ዘይት ናቸው። ነገሩ ግን ያለ ችግር አልተፈጸመም። ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲንን መፈጨት ስለሚያግድ በእሳት መብሰል አለበት፤ ተራው ዱቄት ሲበዛበትም የሳልሞን አንጀት ይቈጣል። ከዚህም ሌላ አኩሪ አተር የሰው ምግብ ስለ ሆነ፣ ባሕሩን አድነን ከሰው አፍ እንዳንነጥቅ ያሠጋል።

በአገራችን ግን መንገዱ ይቀናል። ቆሮሶ በተፈጥሮው የውኃ ዕፀዋትን የሚመገብ በመሆኑ የእህል ቀለብ ይስማማዋል። የኑግ ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ደግሞ ሲሦ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ስለሚያንሰው ይህ በሞላበት በአኩሪ አተር ጥቂት ቢደገፍ ጕድለቱ ይቃለላል። ነገር ግን ፋጉሎን የላም ባለቤቶችም ይሻሙበታል። እንግዲህ ለገበሬው ኩሬ ለማስቈፈር የሚያቅድ ወጣት ባለሥልጣን፣ የኩሬዎቹን ቍጥር በሪፖርቱ ከማስፈሩ በፊት፣ ፋጉሎው ከየት መጥቶ በስንት ብር እንደሚገዛ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን።