ካሜራና ኮምፒዩተር በምን ይግባባሉ?

በካርቲየ 3 የሚኖር፣ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ከሶማሊኛ ወይም ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ጋር ጉዳይ ሲኖረው አስተርጓሚ መፈለጉ የታወቀ ነው። በኮምፒዩተርና በካሜራ መካከል ያለውም ነገር ከዚህ አይለይም። አስተርጓሚው ድራይቨር ይባላል፤ እርሱን የምናዝባቸው የተዘጋጁ ትእዛዞችም ብዙውን ጊዜ በላይብረሪ መልክ ይሰበሰባሉ። ለስካነር በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው ትዌይን፣ በሊኑክስም ላይ ለካሜራ የሚያገለግለው ቪዲዮ ፎር ሊኑክስ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው።

የትእዛዞቹ ቅደም ተከተል አያስቸግርም። ካሜራውን መክፈት፣ ምን እንደሚችል መጠየቅ፣ የምስሉን ስፋት መወሰን፣ ማስጀመር፣ ምስሉን መቀበል፣ በመጨረሻም መዝጋት ነው። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው።

እኛም በዚሁ ሰፈር ከተማሪዎች ጋር አሮጌ የመታወቂያ ካርዶችን በካሜራ አንሥተን ለማስቀመጥ ፕሮግራም ጽፈን ነበር። ምስሎቹ ሁሉ ሰያፍ ሆነው ተቆራረጡ፤ ከታች ያለውም ክፍል አረንጓዴ ሆነ። ስም የሚባል አይነበብም። ካሜራው ተበላሽቷል ብለን ልንጥለው ደርሰን ነበር። ካርዶቹን ለየባለቤቶቻቸው መልሰናል፤ አንደኛውማ ካርዱን ይዞ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ 800 በ600 ነጥብ ብለን አዘዝን። ካሜራው ይህን ስለማይችል ድራይቨሩ ወደ 640 በ480 ለወጠውና በመልሱ ላይ ጻፈልን፤ እኛ ግን መልሱን አላነበብነውም። ለአንድ ነጥብ 2 ባይት ስለሚያስፈልግ የካሜራው አንድ መስመር 1,280 ባይት ነው። የእኛ ፕሮግራም 1,600 እየቆጠረ ከየመስመሩ ጋር የሚቀጥለውን ሩብ ጨምሮ ይወስድ ነበር። ጠቅላላው ምስል 614,400 ባይት ሲሆን ለ1,600 ሲካፈል 384 መስመር ብቻ ይወጣዋል። የቀሩት 216 መስመሮች ባዶ ዜሮ ናቸው፤ በዚህ የቀለም አጻጻፍ ደግሞ ዜሮ ብቻ የሆነ ነጥብ ጥቁር ሳይሆን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

ደግነቱ ያስቀመጥነው ጥሬውን ባይት ነበር። ስፋቱን 640 ብለን እንደገና ስናነበው የድሬዳዋው መንገደኛ ስምና ፎቶግራፍ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ሌላው ልብ የሚባል ነገር፣ ድራይቨሩ ምስሉን የሚያኖርበትን የማቆያ ቦታ ከተጠቀምንበት በኋላ መመለስ ነው። 4 ቦታ ሰጥተን አንዱንም ካልመለስን ካሜራው ከአራተኛው ምስል በኋላ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ዝም ሊል ይችላል።