ነፍስን በቍጥር መመርመር
የሥነ ልቡና ተማሪ ስታቲስቲክስን የሚማረው ስለ ምንድን ነው?

የሥነ ልቡና ትምህርት ለመማር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ወጣት አሳቡ ሁሉ በሰው ልብ ላይ ነው። ሰው ስለ ምን እንደሚፈራ፣ ስለ ምን እንደሚረሳ፣ ሕፃን ቋንቋን እንዴት እንደሚለምድ፣ ሐዘንተኛ በምን እንደሚጽናና ለማወቅ ይጓጓል። ከዚህም ጋር በምሥጢር የሚደሰትበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከሂሳብ ትምህርት ለዘለዓለም የተሰናበተ ይመስለዋል። ነገር ግን ጥቂት ሳይቆይ «የስታቲስቲክስ መግቢያ» የሚል ትምህርት በፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። «እኔ የመጣሁት ሰውን ላጠና ነው፤ ቍጥር ከነፍስ ጋር ምን አገናኘው?» ይላል።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ድንጋይ ከእጅ ሲለቁት ዛሬም ነገም ያው ይወድቃል። ሰው ግን እንዲህ አይደለም፤ አንዱ ከሌላው ይለያል፣ ያው አንዱም ሰው የዛሬው ከትናንቱ ይለያል። አንድ መምህር ሃያ ልጆችን በአዲስ የንባብ ዘዴ፣ ሌሎች ሃያ ልጆችን ደግሞ በቀድሞው ዘዴ አስተማረ እንበል። በፈተናው ጊዜ የአዲሶቹ አማካይ ውጤት 65፣ የቀድሞዎቹ 62 ሆነ። ይህችን ሦስት ነጥብ ያመጣት ዘዴው ነውን? ወይስ ጎበዝ ጎበዞቹ ልጆች በአጋጣሚ ወደ አንድ ወገን ገብተው ኖሯል? ፍርዱ ከተሳሳተ በማይረባ ዘዴ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይደክማሉ፤ ወይም የሚረዳው ዘዴ ተንቆ ይቀራል። ስታቲስቲክስ የተፈለገው ለዚህ ፍርድ ነው።

ስምንት ሲኒ ሻይ

ነገሩን ለጀማሪ ለማስረዳት በእንግሊዝ አገር የተደረገውን የሻይ ጨዋታ የሚያህል የለም። ሮናልድ ፊሸር የተባሉት ሊቅ ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሮተምስቴድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ይሠሩ ነበር። እንደሚተረከው፣ በሻይ ሰዓት አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ወተቱ ከሻዩ በፊት ይቀዳ ወይም በኋላ ይጨመር በጣዕሙ ብቻ ለይቼ ዐውቃለሁ አሉ። ሌላው ቢሆን ስቆ ያልፍ ነበር። ፊሸር ግን ነገሩ እንዴት ሊፈተን እንደሚገባው ማሰብ ጀመሩ፤ በ1935 ዓ.ም. ባወጡትም መጽሐፍ ውስጥ አሰራሩን ጻፉት።

ስምንት ሲኒ ይቀርባል፤ በአራቱ ወተቱ ቀድሞ፣ በአራቱ ሻዩ ቀድሞ የተቀዳ ነው። አቀራረቡ በዕጣ ይደባለቃል። ሴትዮዋ ወተት የቀደመባቸውን አራቱን እንዲለዩ ይጠየቃሉ። ከስምንት ሲኒ አራቱን መምረጥ የሚቻልበት መንገድ 70 ነው። 8 በ7፣ በ6፣ በ5 ሲባዛ 1680 ይሆናል፤ አራት ነገሮች ቅደም ተከተላቸውን የሚለዋውጡበት መንገድ 24 ነውና፣ ያንን ለ24 ሲያካፍሉት 70 ይወጣል። ከነዚህ ሁሉ አንዱ ብቻ ፍጹም ትክክል ነው። ስለዚህ ምንም የማያውቅ ሰው እንዲያው በግምት አራቱንም የማግኘት ዕድሉ ከ70 አንድ ነው፤ ይህም ከመቶ ወደ አንድ ተኩል ገደማ ነው። ሦስቱን አግኝቶ አንዱን መሳት ግን 16 መንገድ አለው። ሦስት ወይም ከዚያ የበለጠ የማግኘት ዕድል እንግዲህ ከ70 አሥራ ሰባት፣ ማለት ወደ ሩብ የሚጠጋ ነው። አራቱን የለየ ሰው ያስደንቃል፤ ሦስቱን የለየ ሰው ግን ገና ምንም አላስረዳም።

ተማሪውን ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው የ«ፒ» ቍጥር ከዚህ የተለየ አይደለም። አንዳች ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን የሚያህል ወይም ከዚህ የባሰ ውጤት በአጋጣሚ ብቻ የመምጣቱ ዕድል ስንት ነው ማለት ነው። ተመራማሪዎች ከመቶ አምስት በታች ሲሆን ውጤቱን ቍም ነገር ብለው መያዝን ለምደዋል። አምስትን የመረጠው ግን ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ብዙዎችም «ከመቶ አምስት ከሆነ አሳቤ እውነት የመሆኑ ዕድል 95 ነው» ብለው ይሳሳታሉ። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ይህ ቍጥር የመላ ምቱን እውነተኛነት እንደማይለካ በግልጽ አስታውቋል።

አማካይ ብቻውን አይበቃም

አምስት ተማሪዎች 58፣ 59፣ 60፣ 61ና 62 አገኙ። ሌሎች አምስት ደግሞ 30፣ 45፣ 60፣ 75ና 90 አገኙ። የሁለቱም አማካይ 60 ነው። በመሥሪያ ቤት «አማካዩ 60 ነው» የሚል ሪፖርት ቢቀርብ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በሁለተኛው ክፍል አንዱ ልጅ እየወደቀ ነው፣ ሌላው ከክፍሉ በላይ ሆኗል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ውጤት ከአማካዩ ስንት እንደሚርቅ ይለካል። ርቀቶቹ በራሳቸው ይባዛሉ፤ ይደመራሉ፤ ለአራት ይካፈላሉ፤ ከዚያም ዳግም ዘር ይወጣላቸዋል። የመጀመሪያው ክፍል መደበኛ ልዩነት 1.6 ገደማ፣ የሁለተኛው 23.7 ገደማ ይሆናል። ተማሪው «ልጆቹ አምስት ሲሆኑ ስለ ምን ለአራት ይካፈላል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ይህ ነው፤ አማካዩ ራሱ የተገኘው ከነዚሁ አምስት ቍጥሮች ነው። አማካዩ ከታወቀ በኋላ አራቱ እንደ ፈለጉ ቢሆኑ አምስተኛው የግዱን ይወሰናል። ነፃ ሆነው የቀሩት አራት ብቻ ናቸው።

በጥቂት ቍጥር መፍረድ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ያስተማሩን ዊልያም ጎሴት የተባሉ ሰው ናቸው። እሳቸው በደብሊን ከተማ በጊነስ የቢራ ፋብሪካ ተቀጥረው ስለ ገብስና ስለ ጠመቃ ይመራመሩ ነበር። ብዙ ናሙና ለማግኘት አልቻሉምና ለጥቂቱ የሚሆን ስሌት ፈጠሩ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበርና በ1908 ዓ.ም. ጽሑፋቸውን ያወጡት «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ነው። ዛሬ የሥነ ልቡና ተማሪ ሁለት አማካዮችን የሚያነጻጽርበት የ«ቲ» ፈተና የዚህ «ተማሪ» ሥራ ነው።

ምስጋናና ቍጣ

ዳንኤል ካህነማን በ2002 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ የሥነ ልቡና ሊቅ ነበሩ። በወጣትነታቸው ለእስራኤል የበረራ አስተማሪዎች ምስጋና ከቍጣ ይልቅ ለማስተማር እንደሚረዳ ሲናገሩ አንዱ አስተማሪ ተነሥቶ ተቃወማቸው። «አሳምሮ የበረረውን ሳመሰግነው በሚቀጥለው ጊዜ ይብስበታል፤ ያበላሸውን ስቈጣው ግን ይሻሻላል» አለ። ያየው ነገር እውነት ነው፤ የሰጠው ምክንያት ግን ስሕተት ነው። በጣም ጥሩ የሆነ ቀን ከችሎታ ጋር ዕድልም የረዳው ቀን ነው፤ ዕድሉ ሁልጊዜ ስለማይደገም ቀጣዩ ወደ አማካዩ ይመለሳል። በጣም መጥፎ የሆነውም ቀን እንዲሁ ነው። ቢያመሰግኑም ቢቈጡም መመለሱ አይቀርም። ይህን ያላወቀ አባት፣ መምህር ወይም የቢሮ ኃላፊ ዕድሜውን ሁሉ ሲቈጣ ኖሮ ቍጣው የሠራ ይመስለዋል።

ዘፈን ዕድሜ ይቀንሳልን?

መሣሪያው ጥሩ ቢሆንም በክፉ እጅ ወይም በቸኳይ እጅ ይበላሻል። በ2011 ዓ.ም. ሦስት ተመራማሪዎች ይህን ለማሳየት አንድ አስቂኝ ሙከራ አደረጉ። የቢትልስን አንድ ዘፈን የሰሙ ተማሪዎች፣ ሌላ ዜማ ከሰሙት ይልቅ በዕድሜ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ያነሱ ሆነው በስሌቱ ታዩ! ዘፈን የልደት ቀንን እንደማይለውጥ የታወቀ ነው። ምሥጢሩ ብዙ ነገር መዝግቦ፣ ስሌቱን በልዩ ልዩ መንገድ ሞክሮ፣ የወደዱትን ብቻ ማውጣት ነው። ሃያ ጊዜ የሞከረ ሰው ምንም ነገር ባይኖር እንኳ ከሃያው አንዱ «ተሳካ» ቢለው የሚደንቅ አይደለም።

ጕዳቱ የቀልድ ብቻ አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው ቀድሞ የታተሙ 100 የሥነ ልቡና ጥናቶችን እንደገና ሞከሩ። በመጀመሪያው ጊዜ 97ቱ ቍም ነገር ያለው ውጤት አግኝተናል ብለው ነበር፤ በድጋሚው ያንን የሚመስል ውጤት ያሳዩት ግን 36 ከመቶው ብቻ ናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው። ከዚህ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች ምን እንደሚፈትኑና እንዴት እንደሚያሰሉ ሥራውን ሳይጀምሩ አስቀድመው ማስመዝገብን ልማድ እያደረጉት ነው።

እንዴት ይጠና?

ዛሬ ስሌቱን ኮምፒዩተር በቅጽበት ያደርሰዋል፤ በነፃ የሚገኝ «አር» የሚባል ፕሮግራምም አለ። ኮምፒዩተሩ ግን «ይህ ጥያቄ የሚገባ ነውን?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ በአምስት ወይም በስድስት ቍጥር በእጁ ይሥራ። ሁለተኛ፣ ቍጥሮቹን በሥዕል ሳያይ ወደ ስሌት አይግባ። ሦስተኛ፣ ያገኘውን ውጤት ሂሳብ ለማያውቅ ወንድሙ ወይም እኅቱ በተራ አማርኛ ያስረዳ፤ ማስረዳት ካቃተው ገና አልገባውም ማለት ነው። አራተኛ፣ ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ጨመሩ አንዱ ሌላውን አመጣው ብሎ አይፍረድ፤ የልጅ እግር ሲያድግ የንባብ ችሎታውም ያድጋል፣ ሰፊ ጫማ ግን ንባብ አያስተምርም።

እንግዲህ ያ ወጣት «ቍጥር ከነፍስ ጋር ምን አገናኘው?» ላለው መልሱ ይህ ነው። ቍጥሩ ነፍስን አይለካም፤ የሚለካው እኛ ስለ ሰው ነፍስ የተናገርነው ቃል ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው ነው። ስለ ሰው የሚፈርድ ሁሉ፣ በትምህርት ቤትም ይሁን በመሥሪያ ቤት፣ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆንን? ስሕተቴስ ስንት ያህል ይሆናል?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ትሕትናን ተምሯል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና፣ በመጀመሪያው ፈተና የደነገጠ ተማሪ ተስፋ አይቍረጥ።