አግድሙን ያጣው መስቀል

በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሶርያ ውስጥ ሆምስ ላይ የተመታች የመዳብ ሳንቲም አለች፤ ክብደቷ 4 ግራም ገደማ ነው። በፊቷ ዘውድ የደፋ የቢዛንታይን ቄሣር ይታያል፣ በእጁም መስቀል የቆመበት ሉል ይዟል። ከምስሉ በአንዱ ወገን በግሪክኛ «ካሎን»፣ በሌላው በዐረብኛ «በሆምስ» ተጽፏል። ስትገለበጥ የከተማዋ ስም በግሪክ ፊደል፣ ከሥሩም «ጠይብ» የሚል የዐረብኛ ቃል ይገኛል። ካሎንም ጠይብም «መልካም» ማለት ናቸው። ሳንቲሟ ገበያተኛውን በሁለት ቋንቋ «ደኅና ገንዘብ ነኝ፣ ተቀበለኝ» ትለዋለች። የሚገርመው ግን ያስመታት ቄሣር አለመሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ሆምስን የሚገዙት ሙስሊሞቹ ኡመያዎች ነበሩ።

ጀርባዋ ላይ መሐሉን የያዘው «ሙ» የተባለው የግሪክ ፊደል ነው። ግሪኮች በፊደል ስለሚቆጥሩ ሙ 40 ነው፤ ፎሊስ የተባለው የቢዛንታይን መዳብም 40 ኑሚ ያወጣ ነበር። የግዕዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደላት የወጡ ናቸውና የእኛ ፵ የዚሁ ፊደል ዘመድ ነው።

ቢዛንታይን እ.ኤ.አ. በ636 ያርሙክ ላይ ድል ተነሥቶ ሶርያን ቢያጣም የገበያው ልማድ አልተቋረጠም። ዳቦ ለመግዛት ወርቅ አይመነዘርም፤ ዝርዝር ያስፈልጋል። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ሕዝቡ የሚያውቀውን ሳንቲም እያስመሰሉ መምታት ጀመሩ። በአንዳንዶቹ ላይ የግሪኩ ፊደል ተገልብጦ ወይም ትርጉም አጥቶ ይታያል። እኔ እነዚህን አብልጬ እወዳቸዋለሁ፤ ማንበብ ሳይችል እጁ የለመደውን የሚቀርጽ ባለሙያ ይታየኛል። የባይሳንና የጀራሽ ከተሞች ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት የነገሠውን 2ኛ ዩስጢኖስን ከንግሥት ሶፊያ ጋር በዙፋን እንደተቀመጠ ቀረጹ።

መስቀሉን ማንሣት ቀላል አልነበረም። አንድ የሶርያ ክርስቲያኖች ዜና መዋዕል የኡመያው ኸሊፋ ሙዓዊያ ያስመታው ወርቅና ብር መስቀል ስለሌለበት ሕዝቡ እንዳልተቀበለው ይናገራል። በ690ዎቹ ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ሌላ መንገድ ያዘ። በቄሣሩ ቦታ ጸጉሩ የረዘመ፣ እጁን ከሰይፉ ላይ ያሳረፈ ኸሊፋ ቆመ። በሳንቲሙ ጀርባ የቢዛንታይኑ መስቀል የሚቆምበት ደረጃ እንዳለ ቀረ፤ ቀጥ ያለው ዘንግም ቀረ፤ አግድሙ ግን ተነሥቶ በምትኩ ክብ ነገር ገባ። ከሩቅ ያየው ሰው የድሮው ሳንቲም ይመስለዋል።

ይህም ብዙ አልቆየ። በ77 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ696/97፣ ምስል የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ የዐረብኛ ጽሑፍ የሆነ የወርቅ ዲናር ወጣ፤ መዳቡም ቀስ በቀስ ተከተለው። የፎሊስ ስም ግን «ፈልስ» ሆኖ ተረፈ፤ ብዙ ቁጥሩ «ፉሉስ» ነው፤ ዓረብ አገር የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የገንዘብ ስም።