ምድጃው በርዶም የጭሱ ሽታ ለምን አይለቅም?

ኦከርን በኖርዌይ ርእሰ ከተማ በኦስሎ፣ ግሩርዳለን በተሰኘው ሸለቆ የታችኛው ጫፍ ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። ነፋስ በማይነፍስባቸው የበረዶ ቀናት ቀዝቃዛው አየር ከሸለቆው ግርጌ ይተኛል፤ ሞቅ ያለው አየር ደግሞ እንደ ክዳን ከላይ ይገጥመዋል። የመኪናው ጭስና ከየጣሪያው የሚወጣው የእንጨት ጭስ በዚህ ክዳን ሥር ይታፈናሉ። ይሁንና ምድጃ ባለበት ቤት ውስጥ ለቀናት የሚቆየው ሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከውጭ ሳይሆን ከራሱ ከጭስ ማውጫው ነው።

እንጨት ሲነድ ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር ተሰባብሮ ጓያኮልን የመሳሰሉ ፌኖሎችን ያወጣል። በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ወይም የጠላ ጋን የሚሰጠው መዓዛም ከዚሁ ወገን ነው። እናቶቻችን ሆን ብለው ዕቃው ላይ ያስቀሩት ጠረን፣ መጋረጃና ምንጣፍ ላይ ሲቀር ግን ለማንም ደስ አይልም። በጭስ ማውጫው ግድግዳ ላይ ደግሞ ክሪዮሶት የሚባል ጥቁር ዝቃጭ ይጋገራል፤ እርጥበት ሲነካው ሽታው ይበረታል፣ ሲከማችም በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

ይህን ዝቃጭ የሚያበዛው እርጥብ እንጨትና አየር ያነሰው እሳት ነው። የማገዶው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ኖርዌጂያውያን ነገሩን እንደ ቀላል አያዩትም፤ ብሔራዊው ቴሌቪዥን ኤንአርኬ በ2013 እ.ኤ.አ. ስለ ማገዶ 12 ሰዓት የፈጀ ዝግጅት ሲያስተላልፍ፣ አብዛኛው ሰዓት የሚነድ እሳት ብቻ የሚታይበት ነበር። ተመልካቾች ግን የእንጨቱ ልጥ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች እያሉ ተከራክረዋል!

ሽታው ወደ ሳሎን የሚመለስበት መንገድ የአየር ግፊት ነው። የአዳዲስ ቤቶች በርና መስኮት አየር አያስገባም። ቁሌቱ ሲቁላላ የወጥ ቤቱ አየር መሳቢያ በሙሉ ኃይሉ ከሠራ፣ የተሳበውን አየር የሚተካው ከጭስ ማውጫው ቁልቁል የሚመጣው ይሆናል። በበጋም ውጭው ከቤቱ ሲሞቅ፣ በማውጫው ውስጥ ያለው ቀዝቀዝ ያለ አየር ወደ ታች ይወርዳል። ማረጋገጥ የፈለገ ሰው የምድጃውን በር ገርበብ አድርጎ የሚጤስ ዕጣን ያስጠጋ፤ ጭሱ ወደ ክፍሉ ከተገፋ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። መሳቢያው ሲሠራ መስኮት በጥቂቱ መክፈት፣ ምድጃው ሲያርፍም የአየር መዝጊያውን መዝጋት ይረዳል።

አመዱ በክዳናም የብረት ባልዲ ከቤት ይውጣ፤ ፍም በአመድ ውስጥ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል የፕላስቲክ ከረጢት አይታመንም። በኦስሎ ጭስ ማውጫ የሚጠርገው የከተማው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነው። ጨርቃ ጨርቁን ማጠብ፣ ግድግዳውን በሞቀ የሳሙና ውኃ መወልወል፣ ምንጣፉ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አድሮ መጥረግ የቀረውን ይቀንሳል። ሽቶ መርጨትና ዕጣን ማጤስ ግን ሽታን በሽታ መሸፈን ብቻ ነው።

እሳቱ እየነደደ ሳለ ጭስ ወደ ቤት ከገባ ጉዳዩ የሽታ ብቻ አይደለም። ከጭሱ ጋር የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ወዲያውኑ ከቤት መውጣት ያስፈልጋል። የተለመደው የጭስ ማስጠንቀቂያ ይህን ጋዝ አይለይም፤ ለብቻው የተሠራ መሣሪያ ይሻል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለቡና የሚቀጣጠል ከሰልም ይህንኑ ጋዝ ያመነጫል፤ ያውም ጭስ ሳያሳይ።