የተተኮሰ ቀለሃ ምን ይናገራል? ምንስ ይደብቃል?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች የጠመንጃ ጥይታቸውን ቤታቸው ራሳቸው ይሞላሉ። የተተኮሰውን ቀለሃ አጽድተው አዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ያስገቡበታል። ስህተቱ ግን ጠመንጃ ያፈነዳል፣ ዓይን ያጠፋል።

ፕራይመር ማለት ቀለሃው ቂጥ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ነገር ናት። መርፌው ሲመታት እሳት ትረጫለች፣ ባሩዱ ይቀጣጠላል። ከዚያ የሚመጣው ግፊት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለ30-06 ጥይት የተቀመጠው ጣሪያ 60,000 ፒኤስአይ ነው። የመኪና ጎማ እኮ 35 ገደማ ነው!

ብዙዎች ግፊት መብዛቱን የሚለዩት ፕራይመሯን አይተው ነው። ከተጠፈጠፈች "በዝቷል"፣ ጠርዟ ክብ ከሆነ "ሰላም ነው" ይላሉ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ቀለሃው ጠመንጃው ውስጥ ልል ሆኖ ከተቀመጠ በመደበኛ ግፊትም ትጠፈጠፋለች። ጠንካራ ፕራይመር ደግሞ ግፊቱ ጣሪያውን አልፎም ምንም ላታሳይ ትችላለች።

ስለዚህ ሌሎቹንም ምልክቶች አብራችሁ እዩ፦

▪️ ከተተኮሰ በኋላ መቀባበያው አልከፈት ካለ
▪️ ቀለሃው ቂጥ ላይ አዲስ የሚያብረቀርቅ ምልክት ከታየ
▪️ ፕራይመሯ ከተበሳች ወይም ቦታዋ ላልቶ ከወደቀች

አንዱ እንኳ ከታየ ማቆም ነው። የቀሩትን "ልጨርሳቸው" ብሎ መተኮስ የለም።

መንስኤው ሁሌ የባሩድ መብዛት ብቻ አይደለም። የቀለሃው አንገት ከልክ በላይ ሲረዝም፣ የፕራይመር ዓይነት ሲቀየር፣ ጥይቱ ፀሐይ ላይ ሲግልም ግፊቱ ሊጨምር ይችላል። ለዚህ ነው የአሞላል መመሪያዎች ከጣሪያው 10 በመቶ ያህል ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ የሚሉት። አንድ ነገር ከቀየራችሁ እንደገና ከታች መጀመር ነው።

ቃታው ተስቦ "ቀጭ" ብሎ ዝም ቢልስ? ብዙ ጊዜ ፕራይመሯ እስከ መጨረሻው አልገባችም፣ ወይም ዘይት ነክቷታል። ቶሎ አትክፈቱት! አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል።

ከሁሉም የከፋው ግን ድምፁ ደክሞ "ፑፍ" ሲል ነው። አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተወሽቆ ቀርቶ ይሆናል፤ ከኋላው ሌላ ከተተኮሰ ብረቱ ሊፈነዳ ይችላል። ጠመንጃውን አራግፉ፣ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጡ ሁለተኛ አትተኩሱ።

ጥይት የሚሞላ ወዳጅ ካላችሁ ይህን አጋሩት።