አራተኛው ሱፐርማን ለምን አልጣመንም?

ከሰው በላይ ኃይል ያላቸውን ጀግኖች የሚያሳዩ ፊልሞች፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ በሮቤና በጎባም ብዙ ወዳጅ አላቸው። ቀድሞ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቦ ይታይ የነበረው ዛሬ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በስልክም ይታያል። የፊዚክስ መምህር የሆነ ሰው ደግሞ ከእነዚህ ፊልሞች ወዳጆች የማያመልጠው አንድ ጥያቄ አለ፤ «መምህር፣ ይህ ነገር በፊዚክስ ይቻላል?» የሚል። «አይቻልም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። መልሱ እውነት ቢሆንም ግን የሚያስተምረው ነገር የለም። ሰው እንደ ንስር እንደማይበር ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም፤ ጠያቂውም አስቀድሞ ያውቀዋል።

ይልቅስ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው ሲበር አይተን ምንም ያልከፋን ተመልካቾች፣ በዚያው ፊልም ተከታይ ክፍል ላይ ያው ሰው ሌላ የማይቻል ነገር ሲያደርግ «ይኼስ በዛ!» የምንለው ለምንድን ነው? የመጀመሪያውን ውሸት ተቀብለን ሁለተኛውን የምንመልሰው በምን ሚዛን መዝነን ነው? ለዚህ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1987 ከወጣው «ሱፐርማን አራት» የተሻለ ናሙና አላገኘሁም።

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1978 በሪቻርድ ዶነር አዘጋጅነት የወጣውና ክሪስቶፈር ሪቭ የተወነበት የመጀመሪያው «ሱፐርማን» ወደ 55 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት፣ የበረራ ትዕይንቶቹ ዓለምን ያስደነቁ ፊልም ነበር። ሁለተኛው በ1980 ተከተለ፤ እርሱም ተወደደ። ሦስተኛው በ1983 ወጣና የተመልካቹ ፍቅር መቀዝቀዝ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የፊልሙ መብት ካነን ለተባለው ኩባንያ ተላልፎ በሲድኒ ፉሪ አዘጋጅነት አራተኛው ተሠራ። በጀቱ መጀመሪያ ከታሰበው 36 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 17 ሚሊዮን እንደተቀነሰ ይነገራል። ሲያልቅም ወደ 45 ደቂቃ የሚሆን ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ተመልካቹ ፊቱን አዞረበት፤ የሚቀጥለው የሱፐርማን ፊልም እስኪመጣም እስከ 2006 ድረስ 19 ዓመታት አለፉ።

የፊልሙ ሐሳብ ግን መጥፎ አልነበረም። ወቅቱ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኒውክሌር ሚሳይል የተፋጠጡበት ነበር። አንድ ተማሪ ለሱፐርማን ደብዳቤ ይጽፍና የጦር መሣሪያዎቹን እንዲያስወግድ ይለምነዋል። ሱፐርማን ሚሳይሎቹን ሁሉ በግዙፍ መረብ ሰብስቦ ወደ ፀሐይ ይወረውራል። ጠላቱ ሌክስ ሉተር ደግሞ ከሱፐርማን ፀጉር አንዲት ዘለላ ሰርቆ፣ ከሚሳይል ጋር አያይዞ ወደ ፀሐይ ያስልካትና ከእርሷ «ኒውክሌር ማን» የተባለ ባላጋራ ይወለዳል። ይህ ባላጋራ ኃይሉን ከፀሐይ ያገኛል፤ ጥላ ሲያርፍበት ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያው እንደተጫነ አምፖል ወዲያው ይጠፋል።

እስቲ ከዚህ ባላጋራ እንጀምር። ከከባቢ አየር ውጭ፣ በምድር ርቀት ላይ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት በሚመለከት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,361 ዋት ገደማ ነው። ወደ ፀሐይ የዞረ የአንድ ሰው ገላ ከ0.7 ካሬ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ኒውክሌር ማን አንዳች ሳይባክንበት ቢሰበስብ እንኳ የሚያገኘው 950 ዋት ያህል ነው። በቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይፈልጋል። እንግዲህ ከተማ ያሸበረው ኒውክሌር ማን እንጀራ ልጋግር ቢል ምጣዱ አይግልለትም፤ ሦስት ወይም አራት ሆነው መሰለፍ አለባቸው።

«ኃይሉን በውስጡ ያጠራቅማል» የሚል ተሟጋች ይነሣ ይሆናል። መልካም፤ ያጠራቅም። ካጠራቀመ ግን በጥላ ውስጥ ለምን ወዲያው ይጠፋል? ካላጠራቀመ ደግሞ ከምጣድ ያነሰ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ፊልሙ ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የተጣሰው ሕግ የተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ ፊልሙ ራሱ የደነገገው ሕግ ጭምር ነው።

በፀሐይ የሚኖር ፍጡር ጥላን እንዴት እንደሚችለው ለማየት የሚሻ ሰው ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሳነቴ አምባ ላይ ይውጣ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቀን ፀሐይዋ ቆዳ ትልጣለች፤ ደመና ሲጋርዳት ቅዝቃዜው ወዲያው ይሰማል፤ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ይጥላል። በዚያ የሚበቅለው ጅብራ ቀን ቅጠሎቹን ዘርግቶ ብርሃን ይሰበስባል፤ ሲመሽ ወደ ውስጥ አጥፎ ለጋ እምቡጡን ከውርጭ ይሸፍናል። ፍልፈሉ ለመውጣት ፀሐይ እስክታሞቀው ይጠብቃል፤ ቀይ ቀበሮም ፍልፈሉን ለማደን የቀኑን ሰዓት ይመርጣል። በሳነቴ ላይ ጥላ ባረፈበት ቅጽበት ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ፍጡር ቢፈጠር ኖሮ የመጀመሪያውን ደመና አያልፍም ነበር። የፊልሙ ደራሲዎች ጅብራን ቢያውቁት ኖሮ የተሻለ ባላጋራ በፈጠሩ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው ነገር እስትንፋስ ነው። ኒውክሌር ማን ሌሲ የተባለችውን ወጣት ነጥቆ ወደ ሕዋ ይዟት ይወጣል። ሴትዮዋ የጠፈር ልብስ የላትም፤ ተራ ሰው ናት። ሆኖም ትተነፍሳለች፤ በሰላምም ወደ ምድር ትመለሳለች። የባሌ ተማሪ ይህን ለመመዘን ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው። በባሕር ወለል ያለው የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሮቤ ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። በ4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ የሚቀረው ከ60 በመቶ ብዙ አይርቅም፤ እዚያ ውኃ በ86 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ዳገቱን በእግሩ የወጣ ሰውም በየጥቂት እርምጃው ቆሞ ይተነፍሳል። ይህ ሁሉ የሆነው ከመሬት አራት ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ ሳንርቅ ነው። 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ግፊቱ ከመውረዱ የተነሣ ውኃ በሰው ገላ ሙቀት በ37 ዲግሪ ይፈላል።

በሕዋ ውስጥስ? እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ሂውስተን አየሩ በወጣለት የሙከራ ክፍል ውስጥ የጠፈር ልብስ ይፈትሽ የነበረ አንድ ባለሙያ የአየር ቧንቧው ተለያየበት። ራሱን የሳተው በ14 ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። አየር ተመልሶ ስለገባለት ተረፈ፤ ከመውደቁ በፊት የሚያስታውሰው የመጨረሻ ነገርም ምራቁ ምላሱ ላይ ሲንተከተክ ነበር። የፊልሙ ሌሲ ግን ከ14 ሰከንድ እጅግ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ፀጉሯ እንኳ አልተጎዳባትም።

ሦስተኛውና ዋናው ጨረቃ ነው። ሱፐርማን ባላጋራውን ለማሸነፍ ጨረቃን በእጁ ገፍቶ በፀሐይና በምድር መካከል ያቆማታል፤ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፤ ኒውክሌር ማንም ይዝለፈለፋል። ግርዶሽ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ ቀለበት መስላ ታይታለች፤ በባሌ ደግሞ ግርዶሹ ከፊል ነበር። ያን ዕለት ጨረቃን ማንም አልገፋትም። በየወሩ በፀሐይና በምድር መካከል ታልፋለች፤ ነገር ግን ምሕዋሯ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከፀሐይ በላይ ወይም በታች ታልፋለች፤ ስለዚህ ግርዶሽ በየወሩ አይሆንም።

ለሱፐርማን እናግዝለትና ጨረቃዋ ቀድሞውኑ በዚያው አቅጣጫ ነበረች፣ የቀራት ይህ 5 ዲግሪ ብቻ ነው እንበል። ጨረቃ ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ 5 ዲግሪ ማለት ወደ 34,000 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን በአንድ ደቂቃ ይጨርስ ብንል ፍጥነቱ በሰከንድ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጨረቃ መጠነ ቁስ 7.35 × 10²² ኪሎ ግራም ነው። የመጠነ ቁሱን ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ስናባዛ 1.2 × 10³⁴ ጁል እናገኛለን። ቁጥሩ ብቻውን ስሜት አይሰጥም፤ ስለዚህ ከፀሐይ ጋር እናነጻጽረው። ፀሐይ በየሰከንዱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የምትረጨው ኢነርጂ 3.8 × 10²⁶ ጁል ነው። ስናካፍለው ውጤቱ አንድ ዓመት ይሆናል። ሱፐርማን በአንድ ደቂቃ ያወጣው፣ ፀሐይ በሙሉ ዓመት ለዩኒቨርስ ሁሉ የምታፈሰውን ያህል ነው! ጨረቃዋን መልሶ ለማቆም ደግሞ ሌላ ያን ያህል ሥራ ይጠብቀዋል።

ሌላም አለ፤ እኔን ከሁሉ የሚያስቀኝ ይህኛው ነው። ግፊት በአለት ውስጥ የሚተላለፈው በድምፅ ሞገድ ፍጥነት ነው፤ በጨረቃ ውስጥ ይህ በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የጨረቃ ዲያሜትር 3,475 ኪሎ ሜትር ነው። ሱፐርማን በአንዱ ጎን ሲገፋ የግፊቱ ወሬ ለማዶው ጎን የሚደርሰው ከ7 ደቂቃ በኋላ ነው ማለት ነው። በአንድ ደቂቃው ውስጥ ማዶው ገና ምንም አልሰማም። እጁ ሊጥ ውስጥ እንደሚገባ ጣት ይሰጥማል እንጂ ጨረቃ አትንቀሳቀስም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። አንባቢ ሆይ፣ ችግሩ ስሌቱ አለመግጠሙ ነው ብለህ እንዳትደመድም። በ1978ቱ ፊልም ሱፐርማን በምድር ዙሪያ በፍጥነት በሮ ምድርን ወደ ኋላ ያሽከረክራል፤ ጊዜም ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ ከጨረቃው የባሰ የፊዚክስ ጥፋት ነው፤ ምድር ወደ ኋላ ብትዞር ሰዓት ወደ ኋላ አይቆጥርም። ሆኖም ብዙው ተመልካች ይቅር ብሎታል። ምክንያቱም በዚያ ፊልም ድርጊቱ ዋጋ አለው። ሱፐርማን ሁለት ሚሳይሎችን ተከታትሎ፣ በሁለት ቦታ መገኘት አቅቶት፣ የሚወዳት ሴት ሞታበታለች። አባቱ በሰው ልጅ ታሪክ ጣልቃ እንዳይገባ ከልክሎታል። ምድርን የሚዞረው ይህን ትእዛዝ ጥሶ ነው። በሁለተኛው ፊልምም ፍቅርን ሲመርጥ ኃይሉን ይከፍላል፤ በተራ ሰው እጅ ይደበደባል፤ ደሙን ያያል።

በአራተኛው ፊልም ግን ሒሳቡ አይዘጋም። ጨረቃን ለመግፋት የፀሐይን የዓመት ኢነርጂ በአንድ ደቂቃ የሚያወጣ ጀግና፣ ከምጣድ ያነሰ ባላጋራ ፊት ምን ያስጨንቀዋል? ጨረቃን መግፋት ከቻለ ግርዶሹ አያስፈልገውም፤ በቡጢ ይበቃዋል። ግርዶሹ ካስፈለገው ደግሞ ጨረቃን መግፋት አይችልም። በፊዚክስ ኢነርጂ ከባዶ አይፈጠርም፤ ከአንዱ ወገን የጨመረው ከሌላው ይቀነሳል። ተመልካች ይህን ሕግ በስሙ ባያውቀውም በታሪክ ውስጥ ሲጎድል ያውቀዋል፤ «በዛ» የሚለውም ለዚህ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በገንዘብ እጦት ማሳበብ የተለመደ ነው። አንድ የበረራ ምስል ደጋግሞ መታየቱ፣ የእንግሊዟ ሚልተን ኪንስ ከተማ በኒው ዮርክ ስም መቅረቧ በእርግጥ የበጀት ነገር ነው። ነገር ግን ለሌሲ አንድ የጠፈር ልብስ ማልበስ፣ ወይም ኒውክሌር ማን ስለሚያጠራቅመው ኃይል አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ስንት ዶላር ይፈጃል?

ከሁሉ የሚያሳዝነው የሚሳይሎቹ ነገር ነው። ሱፐርማን በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ቆሞ መሣሪያዎቹን እንደሚያስወግድ ሲናገር አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ማንም «በምን መንገድ? ማን ይቆጣጠራል? ጎረቤቴ ቢደብቅስ?» ብሎ አይጠይቅም። ፊልሙ በሐምሌ ወር መጨረሻ ገደማ 1987 ወጣ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 8 ሬገንና ጎርባቾቭ የመካከለኛ ርቀት ሚሳይሎችን የሚያስወግደውን ስምምነት ፈረሙ (ወሮቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መረብ የያዘ አልነበረም። እስከ 1991 አጋማሽ ድረስ 2,692 ሚሳይሎች ተቃጠሉ፣ ተቆረጡ፣ ተፈነዱ፤ የአንዱ አገር መርማሪዎች በሌላው ግቢ ቆመው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ስምምነቱ በ2019 ፈርሷል።