ምልክትና መንስኤ፦ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት

አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፥ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደሚደርስ የሚያብራራ የድርሰት ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ድርሰት ጸሐፊው ምልክቱን ከመንስኤው ለይቶ ነገሩን በቅደም ተከተል ማስረዳት ይጠበቅበታል። ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ጥያቄዎቹን መልሱ።

ምንባብ

በቤንዚን በሚሠራ ዘመናዊ መኪና፥ በሹፌሩ ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት ትገኛለች። ቁልፉ ሲከፈት ትበራለች፤ ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ከበራች ግን የሞተሩ ኮምፒዩተር አንድ ጉድለት መዝግቧል ማለት ነው።

መብራቷ አንድ ሰሞን በርታ በሌላው ሰሞን የጠፋች እንደ ሆነ ብዙ ሰው «ደኅና ሆነ» ብሎ ይዘነጋታል። ይህ ግን ስሕተት ነው። በብዙ መኪናዎች ኮምፒዩተሩ አብዛኞቹን ጉድለቶች በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ካላየ መብራቷን አያበራም፤ ካበራትም በኋላ ጉድለቱ በሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ሳይታይ ሲቀር ያጠፋታል። ሆኖም መብራቷ ብትጠፋም የጉድለቱ መለያ ቍጥር ለብዙ ጊዜ ተመዝግቦ ይቆያል። እንግዲህ የመብራቷ መጥፋት ጉድለቱ ለመወገዱ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

መብራቷን ከሚያበሩት ነገሮች አንዱ የኦክስጅን ሴንሰር ጉድለት ነው። ይህ ሴንሰር በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የሚታሰር፥ በመልኩ ካንዴላ የሚመስል ትንሽ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ለገበያ በቀረቡ መኪናዎች ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፥ ሠሪው የጀርመኑ ቦሽ፥ መኪናውም የስዊድኑ ቮልቮ ነበር።

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ሴንሰሩ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ከውጭው አየር ጋር ያነጻጽራል። በተለመደው ዓይነት ሴንሰር፥ ቤንዚኑ ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት፥ አየሩ ሲበዛ ደግሞ ወደ 0.1 ቮልት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይመነጫል። ኮምፒዩተሩም ይህን ተመልክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ለምሳሌ ያህል፥ አየሩ ከሳሳበት ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ አዳማ የሚወርድ መኪና የቤንዚኑን መጠን ለማስተካከል ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ካልሞቀ በትክክል ስለማይሠራ፥ በብዙ መኪናዎች በውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተደርጎለታል።

ሴንሰሩ ሲበላሽ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ሊወስድ ይችላል። ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚንም የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከመጠን በላይ እያጋለ ያበላሸዋል፤ የዚህም ዋጋ ከሴንሰሩ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ የተመዘገበው ቍጥር ሴንሰሩን ስለ ጠራ ብቻ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው ማለት አይደለም። ለምሳሌ «ፒ 0135» የሚለው ቍጥር የሚያመለክተው የፊተኛውን ሴንሰር የማሞቂያ መሥመር ነው። መሥመሩ ማሞቂያውን ብቻ ሳይሆን ሽቦውን፥ መሰኪያውንና ፊውዙንም ያጠቃልላል። የዕለት ገቢውን ከመኪናው የሚያገኝ ባለ ታክሲ ሳያስመረምር አዲስ ሴንሰር ገዝቶ ቢያስገጥምና ጥፋቱ የአንድ ሽቦ መላላት ቢሆን፥ ነገሩ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል። በማግሥቱም ያችው መብራት ትበራለች።

እየመጣ የሚሄደውን ጉድለት ለማግኘት ምርመራው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዝ ይመረጣል።

በመጀመሪያ ሹፌሩ መብራቷ መቼ እንደምትበራ ይመዝግብ። በማለዳ ብርድ ነውን? በኮረኮንች መንገድ ላይ ነውን? ወይስ ከዝናብ በኋላ? በመንገጫገጭ ጊዜ የምትበራ ከሆነ የላላ መሰኪያ፥ ከዝናብ በኋላ ከሆነ ደግሞ ውሃ የገባበት መሰኪያ ይጠረጠራል።

ሁለተኛ፥ መካኒኩ ቍጥሩን በመመርመሪያ መሣሪያ ያንብብ። ብዙውን ጊዜ ጉድለቱ በታየበት ቅጽበት የነበረው ፍጥነትና የሞተሩ ሙቀት አብረው ተመዝግበው ይገኛሉ። ባትሪውን ነቅሎ መብራቷን ማጥፋት ይህን ማስረጃ ሊደመስስ ስለሚችል አይገባም።

ሦስተኛ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ጭስ ማውጫው ሲቀዘቅዝ ሽቦዎቹ በዐይን ይታዩ። ከጋለው ቱቦ ጋር የሚነካካ ሽቦ ሽፋኑ ሊቀልጥ ይችላል።

አራተኛ፥ ከሴንሰሩ በፊት ባለው የጭስ ማውጫ ክፍል ላይ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ ይጣራ። በስንጥቁ የሚገባው የውጭ አየር ሴንሰሩን ያሳስተዋል፤ ኮምፒዩተሩም አየር የበዛ መስሎት ያለ አግባብ ቤንዚን ይጨምራል።

አምስተኛ፥ የማሞቂያውና የሴንሰሩ ኤሌክትሪክ ይለካ። ሞተሩ ሲሞቅ የፊተኛው ሴንሰር ቮልት በፍጥነት ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ባለሙያው ከጋለው ቱቦና ከሚሽከረከሩ ክፍሎች እጁን ጠብቆ ሽቦውን ሲነቀንቀው ልኬቱ የሚቋረጥ ከሆነ ጥፋቱ በሽቦው ወይም በመሰኪያው ላይ ነው።

ሴንሰሩ መለወጥ ያለበት ሌሎቹ ሁሉ ተመርምረው ደኅና ከሆኑ በኋላ ነው። ከጥገናውም በኋላ መኪናው ተነድቶ ቍጥሩ ተመልሶ አለመመዝገቡ ይረጋገጣል።

መብራቷ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ሞተሩ ቤንዚኑን በሚገባ አለማቃጠሉንና ኮንቨርተሩ ለአደጋ መጋለጡን ስለሚያመለክት፥ ፍጥነትን ቀንሶ አመቺ ቦታ ላይ መቆም ይገባል።

በአጠቃላይ መብራቷ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለችም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፥ ምልክቱን ማጥፋት መንስኤውን ከመደበቅ በቀር ፋይዳ የለውም።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉት ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች ጻፉ።
1. መሥመር
2. ማስረጃ
3. ልኬት
4. ያለ አግባብ

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።
1. የመብራቷ መጥፋት ጉድለቱ ለመወገዱ ማረጋገጫ የማይሆነው ለምንድን ነው?
2. የጭስ ማውጫው መሰንጠቅ የቤንዚን ፍጆታን የሚጨምረው እንዴት ነው?
3. «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በምንባቡ ውስጥ ለምን ተነገረ?

ሐ. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ አንድ ብልሽት መርጣችሁ ምልክቱን፥ ሊሆኑ የሚችሉትን መንስኤዎችና የምርመራውን ቅደም ተከተል በሦስት አንቀጽ አስረዱ።